ስልሳ ላይ የሚመጣው መንቀጥቀጥ

መካኒኩ ጋራዡን ሊከፍት ሲመጣ ልብስ ሰፊዋ ቀድማው በሩ ላይ ቆማ አገኛት። ጥቁር ልብሷን ገና አላወለቀችም። አንገቷ ላይ የመለኪያ ሜትሯ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ከቤት ስትወጣ ማውለቁን ረስታዋለች። ከኋላዋ አሮጌዋ አረንጓዴ ፎር ዊል መኪና ቆማለች። አንድ ጎረቤቷ ቀስ ብሎ ነድቶ አድርሶላት፣ ቁልፉን በእጇ አስይዟት ሄዷል።

ሴትዮዋ በዚህ በር ከገባች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ባሏ ከሞተ ደግሞ ስምንት ወሩ ነው። በቀብሩ ቀን መካኒኩ ከሰው ሁሉ ኋላ አጥር ተደግፎ ቆሞ፣ አፈሩ ሳይደላደል ነበር ሹልክ ብሎ የሄደው። እሷ አይታዋለች፤ እሱም እንዳየችው ያውቃል።

«እንደምን አደርሽ፣ እህት ዓለም?» አላት፣ ዓይኑን ከመኪናዋ ላይ ሳያነሳ።

«ደህና ነኝ። እሜቴን ሰው ሊገዛት መጥቶ ነበር።»

እሜቴ የመኪናዋ ስም ነው። ስሙን ያወጣላት ሟቹ ነው፤ ከመንዳቱ በፊት በሯን ሲከፍት እንኳ «እሜቴ፣ ይፍቀዱልኝ» ይላት ነበር።

«ታዲያ አልገዛትም?»

«ትናንት ነድቷት ተመለሰና ቁልፉን ከስፌት መኪናዬ አጠገብ አስቀመጠው። ‹እትዬ፣ ስልሳ ላይ ስትደርስ ትንቀጠቀጣለች፣ ይቅርብኝ› አለኝ። ወጣት ነው። እጁን አየሁለት። ሻይ ስሰጠው ኩባያው በእጁ ላይ ፍንክች አላለም።»

መካኒኩ በሩን ለመክፈት ዞረ። የጋራዡ ቁልፍ በእጁ ላይ ከበደው።

«እንድትሠራልኝ አይደለም የመጣሁት» አለችው። «እንድትነግረኝ ነው። ያን ጊዜ የምትንቀጠቀጠው እሷ ነበረች ወይስ ባሌ?»

ሟቹን ሰው ሁሉ የሚያውቀው አይቸኩሌ በሚል መጠሪያ ነው። አርባ ዓመት ሲነዳ አንድ ዶሮ እንኳ ገጭቶ አያውቅም። ከባድ መኪናም ነዳ፣ አውቶቡስም ነዳ፣ በመጨረሻም የራሱን እሜቴን ነዳ፤ ሁሉንም የሚነዳው ከኋላ የተኛ ሕፃን እንዳለ አድርጎ ነው። ጥሩንባ እያስጮኹ ለሚያጣድፉት በመስኮት እጁን አውጥቶ፣ «እለፉ ልጆቼ፣ የምትሄዱበት አገር አይሸሽም» ይላቸዋል።

እሱና መካኒኩ ያደጉት በአንድ ግቢ፣ ከአንድ ቧንቧ እየቀዱ ነው። አንዱ መንዳት ወደደ፤ ሌላው መፍታትና መግጠም። መካኒኩ ጺም ሳያበቅል ብሎን በናፍጣ ከማጠብ ጀምሮ፣ እየወደቀ እየተነሣ፣ የራሱን ጋራዥ እስከመክፈት ደረሰ። አንድ ስጦታ ነበረው። የታመመች መኪና ሲያመጡለት ኮፈኗን ለመክፈት አይቸኩልም። ከነጂው አጠገብ ይቀመጥና ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን በማርሹ ዘንግ ራስ ላይ ያሳርፋል። «መንቀጥቀጥ እንደ ሕፃን ልቅሶ ነው» ይላል። «ለምን አትበለው። መቼ እንደሚጀምርና መቼ ዝም እንደሚል ብቻ ተከታተለው፤ ያመመውን ራሱ ይነግርሃል።» ሹፌሮቹ «መዳፍ ያለው ሰው ነው» ይሉታል። እሱም መኩራራት ያውቅበታል። «የእኔ ሥራ ተመልሶ በሬን አንኳኩቶ አያውቅም» ይል ነበር።

ይህን ኩራቱን የሚያበርድለት አይቸኩሌ ብቻ ነው። ልብሱ ከዘይት ጠርቶ ስለማያውቅ ዘይቶ ይለዋል።

«ዘይቶ፣ አንተ የሞትክ ዕለት በውሃ አትጠራም። አንድ በርሜል ናፍጣ ከአሁኑ ይቀመጥልህ።»

«አንተ ደግሞ መቃብርህ ዘንድ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅብሃል። አስከሬንህን እኔ ካልነዳሁት ለቀስተኛው በረሃብ ያልቃል።»

ከዚያ ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ። ልብስ ሰፊዋ፣ «ሞትን እንደ ጎረቤት አትጥሩት፣ እናንተ ሰዎች» እያለች ትቆጣቸዋለች። የቀብሩ ዕለት አስከሬኑን የነዳው ሌላ ሰው ነው።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። እሜቴ ከሆዷ «ኳ» የሚል ድምፅ አመጣች። ማርሽ ሲገባላት ኳ፣ ነዳጅ ሲለቀቅላት ኳ። መካኒኩ ወዲያው አወቀው። ካምቢዮ ከሚባለው የማርሽ ሳጥን ተነሥቶ የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ረጅም ብረት ካርዳን ይባላል። በሁለት ጫፎቹ ላይ መስቀል የመሰለች ክሮቼራ የምትባል መጋጠሚያ አለች። ያለቀችው እሷ ናት። ካርዳኑን አውርዶ ክሮቼራ ቀይሮ መልሶ መስቀል ነው፤ የግማሽ ቀን ሥራ።

ካርዳኑ ግን አንድ ወጥ አይደለም። ሁለት ነው፤ ሰይፍ ሰገባው ውስጥ እንደሚገባ አንዱ በሌላው ውስጥ ጥርስ በጥርስ ሆኖ ይገባል። ስለዚህ ከመለያየታቸው በፊት በሁለቱም ላይ ምልክት ይደረጋል። ሲመለሱ ምልክት ከምልክት መግጠም አለበት። በአንዲት ጥርስ ከተዛነፈ ሁለቱ ጫፎች ፊት ለፊት መተያየታቸው ይቀራል። መኪናዋ ቀስ ስትል ማንም አያውቅባትም፤ ፍጥነት ስትይዝ ግን ብረቱ ይቆጣል። መካኒኩ ይህን ምልክት በመሮና በመዶሻ ነው የሚያኖረው፤ እንደ ጥፍር የቀጠነች አንዲት ጭረት። ከሥራ ሁሉ የሚጠነቀቅላት ይችን ነበር።

የዚያን ዕለት መሮውን ሲያነሣ አይቸኩሌ ክንዱን ያዘው።

«ምን ልታደርጋት ነው?»

«ምልክት ነዋ።»

«እሜቴን ልትፈነክትብኝ? ሃያ ዓመት ጭረት ሳላሳያት ኖሬ! በጠመኔ አድርገው።»

«ሆዷ ሥር ያለውን ማን ሊያይባት ነው?»

«ማንም አያየው። እኔ ግን አውቀዋለሁ።»

መካኒኩ እየሳቀ መሮውን አስቀመጠና በጠመኔ አንድ ነጭ መስመር አሰመረ። ከዚያ ሁለቱ ሥራውንም ወሬውንም አብረው ይዘውት ዋሉ። ሲመሽ መካኒኩ መኪናዋን እስከ ጡብ ፋብሪካው ድረስ ነድቷት ተመለሰ። መንገዱ በጋሪና በሰው ተጨናንቆ ስለነበር ከአርባ አላለፈም። «እንደ ውሃ ትፈሳለች» ብሎ ቁልፉን ሰጠው።

ሳምንት ሳይሞላ አይቸኩሌ ተመልሶ መጣ። «ዘይቶ፣ ስልሳ ላይ ትንቀጠቀጥብኛለች።»

«ጎማ ነው» አለው መካኒኩ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው። ከጋራዡ ቀጥሎ ወዳለው ጎሚስታ ላከው። ጎማው ተስተካከለ፤ መንቀጥቀጡ ግን አልቀረም። በሁለተኛው ጊዜ «የሞተር ጎሚኒ ነው» አለና ሞተሩ የሚያርፍበትን ላስቲክ ቀየረለት። አሁንም አልቀረም። በዚህ ሁሉ መካከል ግን አንድ ጊዜ እንኳ አጠገቡ ተቀምጦ «እስቲ ንዳኝ» አላለውም። የማንንም መኪና ሲያዳምጥ የኖረ መዳፍ፣ የገዛ ሥራውን ማዳመጥ ፈራ።

ለሦስተኛ ጊዜ የመጣ ዕለት ጋራዡ በሹፌር ተሞልቶ ነበር። ጎሚስታውም ጎማ እየደበደበ በሩ ላይ ነበር።

«አሁንም?» አለ መካኒኩ።

«አሁንም። ከወንበሬ ሥር ንብ የሰፈረብኝ ነው የሚመስለው። ናማ በመዳፍህ እያት።»

«ንብ ከሆነ ማሩን አታካፍለንም ወይ!» አለ ጎሚስታው። ሰው ሳቀ።

መካኒኩ ሳቁ በእሱ ላይ መሰለው። ሥራው እንደተመለሰበት ሁሉም ሰው ያወቀ መሰለው።

«እስቲ እጅህን አሳየኝ» አለው።

አይቸኩሌ ነገሩ ሳይገባው ሁለት እጁን ዘረጋለት፤ ልጅ ታጥቦ ለእናቱ እንደሚያሳየው አድርጎ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጣቶቹ ጥቂት ጥቂት ይርገበገቡ ነበር። ሁለቱም ያውቁታል። አንዳቸውም ግን አንሥተውት አያውቁም።

«ይኸውላችሁ!» አለ መካኒኩ ወደ ሰዉ ዞሮ። «እሜቴ ምን በደለች? የሚንቀጠቀጠው ባለቤቷ ነው!»

ጋራዡ በሳቅ ተናጋ። አይቸኩሌ እጆቹን አያቸው፤ የሌላ ሰው እጆች እንደሆኑ ሁሉ አገላብጦ አያቸው። ከዚያ ኮት ኪሱ ውስጥ ከተታቸው። «እሺ» አለ። ሌላ አልተናገረም። መኪናዋን በዝግታ ነድቶ ቤቱ ወሰዳትና ከጣሪያው ሥር አቆማት። ከዚያ ወዲያ መሪ አልጨበጠም።

መካኒኩ ነገ ይመጣል ብሎ ጠበቀ። ወር ሲያልፍ «እኔ ልሂድ» አለ፤ ደጃፉ ድረስም ሁለት ጊዜ ሄዶ ተመለሰ። ምን ይበል? አፍ የጣለውን እጅ አያነሣው። ነገ ነገ ሲል ባልንጀራው ታመመ፤ ነገ ነገ ሲል ሞተ።

አሁን እንግዲህ ሚስቱ መጥታ፣ እሱ ራሱን ሊጠይቀው ያልደፈረውን ጠየቀችው።

«ቆማ የከረመች መኪና ናት» አላት። «ስትቆም ጎማዋ በአንድ ጎኑ ይቀመጣል፣ ክብነቱ ይጠፋል። ዛሬ ብትንቀጠቀጥ ያን ጊዜም ትንቀጠቀጥ ነበር ማለት አይደለም።»

ልብስ ሰፊዋ ቀጥ ብላ አየችው። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስትለካ የኖረች ናት፤ ሆዱን የሚያስገባባትን ወዲያው ታውቃለች።

«እንግዲያው ጎማውን ቀይርና ንገረኝ» አለችው።

ጎሚስታው ተጠራ። እሷን ሲያይ የለመደውን ቀልድ ተወ። «እትዬ… ነፍስ ይማር» አለና አንገቱን ደፋ። በግቢው ከቆመች ሌላ መኪና ላይ አራት ደህና ጎማዎች አውጥቶ አንድ በአንድ ገጠመላቸው። ማፏጨት የሚወድ ሰው ነው፤ ዛሬ አላፏጨም።

መካኒኩ መሪውን ያዘ። እሷ ከአጠገቡ ተቀመጠች። የመሪውን ሽፋን የሰፋችው እሷ ናት፤ የባሏ እጆች የሚያርፉበት ሁለት ቦታ ላይ ጨርቁ ሳስቷል። መካኒኩ እጆቹን በእነዚያ ቦታዎች ላይ ማድረግ አልሆነለትምና ከበላያቸው ያዘ።

ጡብ ፋብሪካውን አለፉ፤ ድልድዩንም አለፉ። ከድልድዩ ወዲያ መንገዱ ቀጥ ያለና ባዶ ነው። አርባ። አምሳ። መኪናዋ ዝም አለች። አምሳ አምስት። ከወንበሩ ሥር አንድ ነገር ነቃ። ስልሳ ላይ ሲደርሱ መጣ፤ ወፍራም፣ ፈጣን፣ ከጎማው ዙር ይልቅ የቸኮለ። ልክ ንብ እንደሰፈረ።

ልብስ ሰፊዋ መዳፏን በማርሹ ዘንግ ላይ አሳረፈች።

«ይኸ ነው?»

«ይኸ ነው» አለ።

«ይኸን ነበር እንግዲህ የሚለው» አለች፤ እጇንም አላነሣችም።

ጎማ አልነበረም። መካኒኩ ግን ገና ሌላ ነገር ይሁን እያለ በልቡ ይለምን ነበር። ሞተር ይሁን፤ ሞተር ከሆነ እርጅና ነው፣ የማንም ጥፋት አይደለም። ሰባ ላይ ሲደርስ ማርሹን አውጥቶ ሞተሩን በዝቅታ ተወውና መኪናዋን በራሷ ጉልበት ለቀቃት። ሞተሩ ጸጥ አለ፤ መንቀጥቀጡ ግን ፍጥነቷ እስኪወርድ ድረስ አብሯቸው ሄደ።

«ሞተሩ አይደለም» አላት።

መሪውን በሁለት ጣት ብቻ ያዘው። መሪው አይርገበገብም፤ የሚርገበገበው ወንበሩ ነው። ስለዚህ ከኋላ ነው። ቢሆንም ፎር ዊል ናትና ወደ ፊት ጎማም የሚሄድ ሌላ ካርዳን አላት፤ ቁርጡን ለማወቅ ወርዶ፣ የፊት ጎማዎቹን ከፊተኛው ካርዳን የሚያለያየውን መዘውር እንደ ቧንቧ አዙሮ ፈታ፤ የፊተኛው ካርዳን መዞሩን ያቆማል። እንደገና ነዱ። ስልሳ ላይ መጣ።

«የፊተኛውም አይደለም» አላት። አንዱ የማምለጫ በር በተዘጋ ቁጥር የመካኒኩ ድምፅ እያነሰ ሄደ።

ጋራዥ ሲመለሱ ኋላዋን በክሪክ አነሣት። ጎማውን በእጁ እያዞረ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረውን ዲፍሬንሻል አዳመጠ፤ ዘይቱንም በጣቱ አሽቶ አየ። ጤነኛ ነው። አሁን የቀረው አንድ ብረት ብቻ ነው። ካርቶኑን መሬት ላይ አንጥፎ በጀርባው ገባ። እሷ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው፤ የሚታያት ጫማው ብቻ ነው።

መጀመሪያ ክሮቼራዎቹን በሁለት እጁ ጨብጦ ጠመዘዛቸው። ንቅንቅ አይሉም። ሦስት ዓመት የሞላው የእጁ ሥራ እንደ ትናንት ጠብቆ ተቀምጧል። «ሥራዬስ ደህና ነው» አለ በልቡ፤ ለአንዲት ቅጽበትም ደረቱ ቀለለው። ከዚያ የእጅ ባትሪውን በካርዳኑ ርዝመት ልክ አበራው።

ክሮቼራዎቹን አቅፈው የሚይዙት ሁለት የብረት ሹካዎች አሉ። በአንድ መስመር ሆነው፣ እንደ ተቀያየሙ ሳይሆን እንደ ተዋደዱ ሰዎች መተያየት ነበረባቸው። አንደኛው ግን ፊቱን ጥቂት ዘወር አድርጎ ነበር። ብዙ አይደለም። አንድ ጥርስ።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተመልሶ መጣለት። ጠመኔው። ሳቃቸው። አይቸኩሌ መብራቱን ይዞለት ቁጭ ብሎ፣ በልጅነታቸው ከቧንቧው ላይ የሚያባርራቸውን ባለ አንድ ጥርስ ዘበኛ እያስመሰለ ያጫውተው ነበር። እሱም እየሳቀ፣ የባልንጀራዬ መኪና ናትና ንጹሕ ሆና ትመለስለት ብሎ፣ ካርዳኑን በናፍጣ አጠበው። ለሌላ ሰው አያጥብም ነበር። ነጩ መስመር ከቅባቱ ጋር አብሮ ወረደ። ብረቶቹን አንሥቶ ሲያይ ምልክት የለም። ፈትሾ ማስተካከል የሚፈጀው ጊዜ ሻይ ተቀድቶ እስኪጠጣ አይሆንም ነበር፤ ግን ወሬው እንዳይቋረጥ «ዓይኔ ያውቀዋል» ብሎ ገጠመው።

ካርቶኑ ላይ እንደተንጋለለ ቆየ። አንድ ሐሳብ ሽው አለበት። ዲፍሬንሻሉ አርጅቶ ነው ቢላት ማን ያውቃል? ካርዳኑን አሁኑኑ ስቦ፣ በአንድ ጥርስ መልሶ፣ ዝም ማለት ይችላል።

«ወንድሜ?» አለችው ከውጭ። «ጫማህ መንቀሳቀስ ካቆመ ቆየ።»

ወጥቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጥቁር እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«እኔ ነኝ» አላት።

«እንዴት?»

«እጅጌ ከትከሻ ስትገጥሚ ምልክት ታደርጊ የለ?»

«በጠመኔ።»

«ምልክቱ ቢጠፋና በግምት ብትሰፊው ምን ይሆናል?»

«ሲቆም ያምራል። ክንዱን ሲያነሣ ልብሱ ሁሉ ይጠመዘዛል።»

«እንደዚያ አድርጌ ሰፋኋት። ያን ጊዜ፣ በዚች እጄ። ትንቀጠቀጥ ነበር። አልዋሸም። እሱ ትክክል ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር አውልቃ በጣቷ ላይ መጠቅለል ጀመረች።

«እኔ ምልክት ሲጠፋብኝ ፈትቼ እለካለሁ እንጂ በግምት አልሰፋም» አለች።

መካኒኩ ወደ ካርዳኑ አየ።

«ጠዋት ጠዋት ምን ያደርግ እንደነበር ታውቃለህ? ከተኛበት ተነሥቶ፣ እዚያ ከጣሪያው ሥር፣ እሜቴ ውስጥ ይገባል። ሞተሩን አያስነሣም። መሪውን በሁለት እጁ ይይዝና ዝም ብሎ ይቀመጣል። አንድ ቀን ተከትዬው ሄድኩ። ‹ምን ታደርጋለህ?› አልኩት። ‹ይኸው ሞተሯ ጠፍቶ ትንቀጠቀጣለች። ዘይቶ እውነቱን ነው፣ እኔው ነኝ› አለኝ።» ሜትሩን ፈታችና እንደገና መጠቅለል ጀመረች። «እኔስ ምን አልኩት መሰለህ? ‹ታዲያ ተወው፣ አርጅተሃል› አልኩት። አብሬው አንድ ቀን ተሳፍሬ መዳፌን አላሳረፍኩም። ሐኪሙ የእጅህ ነገር እንዲህ በቶሎ አይብስም፣ መንዳት ትችላለህ ብሎት ነበር እኮ። እሱ ግን ሐኪሙን አላመነም። አንተን አመነ።»

መካኒኩ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ትከሻው ተነቃነቀ። እሷ እስኪጨርስ ጠበቀችው፤ እጇን ግን አልዘረጋችለትም።

«ይቅር በይኝ፣ እህት ዓለም።»

«የእኔ ድርሻ ይበቃኛል። የአንተን ልሸከምልህ አልችልም» አለችው፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ደግሞም የነገርከኝ ለእኔ ለብቻዬ ነው። እሱን ያዋረድከው ግን ለብቻው አልነበረም።»

መካኒኩ ተነሣ። እጁን ሳይታጠብ ጎሚስታውን ጠራው፤ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ የተቀመጡትን ሹፌሮችም ጠራ። ከሰባት ስምንት ሰው አይበልጡም፤ ግማሾቹ ያን ቀን ነበሩ። ሰው ሁሉ እሜቴን ክሪክ ላይ ሲያያት ነገሩ ከወዲሁ ከበደው።

«ከሦስት ዓመት በፊት እዚሁ ቦታ በአይቸኩሌ አስቄያችሁ ነበር» አለ። «መኪናዋ ትንቀጠቀጥ ነበር። ካርዳኗን በአንድ ጥርስ አዛንፌ የገጠምኩት እኔ ነኝ። እሱ ሦስት ጊዜ ነገረኝ፤ አንድ ጊዜም አልሰማሁትም። የማያምን ይግባና በዓይኑ ይየው።»

ማንም ሊያይ አልገባም። ጎሚስታው፣ «እኔም ስለ ንቡ…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰም። አንድ ሸበቶ ሹፌር ኮፍያውን አውልቆ፣ «ጉድ ነው» አለ፤ «ሁላችንም እኮ እጁን ነበር የምናይበት።» ከዚያ አንድ በአንድ ሄዱ።

መካኒኩ ካርዳኑን አወረደ። ሁለቱን ብረቶች ለያይቶ፣ ሹካዎቹን ፊት ለፊት አገናኝቶ፣ በሜትር ሳይቀር ለካ፤ የለካው በእሷ ሜትር ነው፣ ሳይጠይቃት ዘርግታለት። ከዚያ እንደ ልማዱ መሮውን አነሣና ብረቱ ላይ አሳረፈው። መዶሻው አየር ላይ ቀረ። የሚይዘው እጅ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ክንዱን የያዘው የለም። መሮውን አስቀምጦ በጠመኔ ነጭ መስመር አሰመረ። ሲገጥመው አላጠበውም።

እንደገና ከድልድዩ ወዲያ ነዱ። ስልሳ። ስልሳ አምስት። ሰባ። ልብስ ሰፊዋ መዳፏን ከማርሹ ዘንግ ላይ አላነሣችም። ምንም የለም። መኪናዋ መንገዱን የማትነካው ይመስል ነበር።

«እንዲህ ነበረች» አለች። «ድሮ እንዲህ ነበረች። እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር፤ ‹ተኚ፣ አገሩ አይሸሽም› ይለኝ ነበር።» ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። መካኒኩ አምሳ ላይ አወረደላት፤ ከዚያ አርባ። ከኋላ አንድ ሰው ጥሩንባ አስጮኸ። መካኒኩ በመስኮት እጁን አውጥቶ እንዲያልፍ ምልክት ሰጠው።

ወጣቱ በሳምንቱ ተመልሶ መጥቶ እሜቴን ገዛት። ልብስ ሰፊዋ የመሪውን ሽፋን ፈትታ አስቀርታ አዲስ ሰፍታላታለች። ጋራዡ በር ላይ ሲያልፍ ወጣቱ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ሄደ። መካኒኩ ከሥራው ቀና ብሎ እስከ ድልድዩ በዓይኑ ሸኛት፤ ወዲያ ማዶ ስልሳ ስትገባ አይታይም፣ አይሰማምም።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ተመልሶ ሲመጣበት መካኒኩ ጎማ ነው አይልም፣ ጎሚኒ ነው አይልም። የያዘውን መፍቻ ያስቀምጥና ይሳፈራል። «እስቲ ንዳኝ» ይላል። ሹፌሮቹ ግን አንድ ነገር አስተውለዋል። ዓይኑን ይጨፍናል፣ መዳፉንም ያሳርፋል፤ ሆኖም የሚንቀጠቀጠውን ከማግኘቱ በፊት ሁልጊዜ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ የነጂውን እጆች ያያል፤ ያያቸውና ቶሎ ዓይኑን መልሶ ይጨፍናል።